አደንብሩክስ፦ ሆስፒታል ለብስክሌት መንገድ ሲከፍት

ሆስፒታል እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት አይደለም። ሌሊት አይዘጋም። ሠራተኛው ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ገብቶ በተመሳሳይ ሰዓት አይወጣም። ጎህ ሳይቀድ የምትገባ ነርስ አለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚወጣ የጽዳት ሠራተኛ አለ። ታካሚው፣ አስታማሚው፣ ጠያቂው፣ ዕቃ አመላላሹ ይጨመርበት። በዚህ ሁሉ መሃል አምቡላንስ በማንኛውም ደቂቃ ክፍት መንገድ ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ግቢ የመኪና ማቆሚያው ሲሞላ መጀመሪያ የሚጎዳው ሩቅ አቁሞ መራመድ የማይችለው በሽተኛ ነው።

ብስክሌት መንዳት የሚችልና የሚፈልግ ሠራተኛ ያለ ስጋት እንዲመጣ ማድረግ፣ ለዚያ በሽተኛ ቦታ መልቀቅ ነው። እኔ ጉዳዩን የማየው ከዚህ በኩል ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ግን ነገሩን አቅልለው ያዩታል። አንድ ጥግ ላይ ብረት ይተክላሉ፣ «የብስክሌት ማቆሚያ» ብለው ይጽፉበታል፣ ከዚያ ለምን ባዶ ሆነ ብለው ይገረማሉ።

ማቆሚያው ብቻውን ሰው አያመጣም። ይህን በደንብ የሚያሳይ ቦታ በእንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ ያለው አደንብሩክስ ሆስፒታል ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሚሄድ ታሪክ አለው። የተሳካ ነገር አለበት፣ ያልተሳካም አለበት፣ ሕይወት የጠፋበትም አለ። ሁሉንም አብሬ ላስቀምጥ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ከመሃል ከተማ ወደ ዳር

ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1766 ነው፣ በ20 አልጋ። ጆን አደንብሩክ የሚባል ሐኪም ለድሆች መታከሚያ እንዲሆን ተናዞ ባለፈው ገንዘብ ተሠራ። ቦታው መሃል ከተማ፣ ትራምፒንግተን ጎዳና ላይ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ያህል እዚያው ቆየ። ከዚያ ቦታው ጠበበ። በ1960ዎቹ ከከተማው በስተደቡብ፣ ሂልስ ሮድ ዳር ወዳለ ሰፊ መሬት መዛወር ጀመረ። ዝውውሩ ያለቀው በ1984 ነው።

ይህ ዝውውር ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። ሆስፒታል ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ሲወጣ ሕንፃው ይሰፋል፣ የሰው መንገድ ግን ይረዝማል። በእግሩ ይመጣ የነበረው ተሽከርካሪ ይፈልጋል። ሰፊ መሬት ደግሞ መኪና ማቆሚያን ይጋብዛል። በዓለም ላይ ብዙ ሆስፒታሎች የሄዱበት መንገድ ይሄው ነው፤ ችግሩም አንድ ዓይነት ነው።

ግቢው ከዚያ በኋላም ማደጉን አላቆመም። የሮዚ የወሊድ ሆስፒታል እዚያው ነው። የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ላብራቶሪው በ2013 አዲስ ሕንፃ ገባ። የልብና የሳንባ ሕክምና የሚሰጠው ሮያል ፓፕዎርዝ በ2019 ከገጠር መጥቶ ተቀላቀለ። አስትራዜኔካ በ2021 የምርምር ማዕከሉን እዚያ አስመረቀ። ዛሬ ሁሉም በአንድ ላይ ካምብሪጅ ባዮሜዲካል ካምፓስ ይባላሉ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይሠራበታል። በምዕራብ የባቡር ሐዲድ ያጥረዋል፣ በምሥራቅ ሂልስ ሮድ፣ በሰሜን ሎንግ ሮድ። ስለዚህ መግቢያው ውስን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት በሮች ነው የሚገባው።

አንድ ዕድል አላቸው። ካምብሪጅ ሜዳ ነው። ለእንግሊዝ አገር ዝናቡም አነስተኛ ነው። በ2011ዱ የሕዝብ ቆጠራ ከ10 ሠራተኛ የከተማው ነዋሪዎች 3 ያህሉ ወደ ሥራ የሚሄዱት በብስክሌት ነበር፤ በእንግሊዝ የሚደርስበት ከተማ አልነበረም። «እነሱማ ድሮም ብስክሌተኞች ናቸው፣ ለእኛ አይሠራም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለእሱ ነው።

በ1993 ማን በምን እንደሚመጣ ተጠየቀ

ሆስፒታሉ ሠራተኞቹን በምን እንደሚመጡ በ1993 መጠየቅ ጀመረ። ከመቶ 74ቱ በመኪና እየነዱ ይመጡ ነበር። በብስክሌት ከተማ፣ በሜዳ አገር፣ ሦስት አራተኛው በመኪና! የከተማው ልማድ በራሱ የሆስፒታሉን በር አላለፈም ማለት ነው።

በ1999 ቁጥሩ ወደ 60 ወረደ። ስድስት ዓመት፣ 14 ነጥብ። ትንሽ የሚመስለው ካለ ነገሩን በቦታ ያስላው። ለአንዲት መኪና የሚመደበው ቦታ ወደ 2.4 ሜትር በ4.8 ሜትር ነው። በዚያ ላይ 10 ብስክሌት ይቆማል። ይሄ የማቆሚያውን ብቻ ነው፤ መኪናዋ ለመግባትና ለመዞር የምትፈልገውን መንገድ አልቆጠርነውም።

እንዴት ወረደ? ብስክሌት ማቆሚያ ስለተተከለ ብቻ አይደለም። ለመኪና ማቆሚያ ማስከፈል ተጀመረ፣ ፈቃድ የሚያገኘው ሰው ተለየ፣ የአውቶቡስ አገልግሎት ተሻሻለ፣ ለብስክሌት የሚደረገው ከዚህ ጋር አብሮ ሄደ። በእኔ እምነት ሚስጥሩ ይህ አብሮነት ነው። መኪና ማቆም ነጻና ቀላል ሆኖ ሳለ ብስክሌት ንዱ ብሎ መምከር ጊዜ ማባከን ነው። ሰው የሚቀናውን ይመርጣል፤ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማስከፈል የሚጎዳው ሰው አለ። አውቶቡስ በሌለበት መንደር የምትኖር፣ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ምን ታድርግ? በኮቪድ ጊዜ በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ሠራተኛው በነጻ እንዲያቆም መንግሥት ወጪውን ሸፍኖ ነበር። መጋቢት 31 ቀን 2022 ያ ቆመ። የሠራተኞቹ ማኅበራት ተቆጡ፤ ቁጣውም ይገባል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ አማራጩ ይከፈታል፣ ከዚያ ነው ክፍያው የሚመጣው። አማራጭ ሳይኖር የሚመጣ ክፍያ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ ነው።

ወደ ግቢው የሚያደርሰው መንገድ

ሰው ብስክሌት የማይነዳበት ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው። ከባድ መኪና ትከሻውን እየታከከ ሲያልፍ አንድ ቀን ይሞክራል፣ ሁለተኛ ቀን ይተወዋል። አደንብሩክስ ዙሪያ የተሠሩት መንገዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

በ2005 ከሆስፒታሉ ወደ ግሬት ሸልፎርድ መንደር የሚወስድ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ተከፈተ። ከባቡር ሐዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። አስፋልቱ ላይ በአራት ቀለም የተሠሩ 10,257 ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ዘረ መል ፊደል ነው፤ ዘረ መሉ ብራካ 2 ይባላል፣ ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት ያለው ነው። የሰውን ዘረ መል በማንበብ ሥራ የሚታወቁት ሳይንቲስት ሰር ጆን ሰልስተን መርቀው ከፈቱት። የአገሪቱ የብስክሌት መንገዶች መረብ 10 ሺህ ማይል መሙላቱን ለማክበር ነበር ሥራው። ለእኔ ከቀለሙ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። መንገዱ ከመኪና የተለየ ነው። ከመንደሩ የሚነሳ ሠራተኛ አንድም መኪና ሳይጋፋው ሆስፒታሉ ግቢ ይደርሳል።

በነሐሴ 2011 ትልቁ ለውጥ መጣ። በኮንክሪት ሐዲድ እየተመራ የሚሄድ የአውቶቡስ መንገድ ተከፈተ። በደቡብ በኩል ያለው ክፍል ከዋናው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ ትራምፒንግተን ይሄዳል፣ አንድ ቅርንጫፉ በድልድይ የባቡሩን ሐዲድ ተሻግሮ ሆስፒታሉ ግቢ ይገባል። ከአውቶቡሱ መስመር ጎን ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ለስላሳ መንገድ ተነጠፈ።

እዚያው ግቢ ውስጥ የሚሠሩ የጤና ተመራማሪዎች ጥሩ አጋጣሚ አገኙ። የሠራተኞችን ጉዞ መንገዱ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ ተከታትለው መዘገቡ። ከመንገዱ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄዱበት ጊዜ የመጨመር ዕድሉ ከሌሎቹ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። «መንገድ ሠርተን ሰው ይመጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ከባድ ነው። አጥኚዎቹ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ደግሞ ያጠኑት ራሳቸው በየቀኑ የሚያዩትን መንገድ ነው።

አሁን ከባዱን ልናገር። በዚህ የአውቶቡስ መስመር ላይ በ2015፣ በ2018 እና በ2021 ሦስት ሰዎች በአውቶቡስ ተመትተው ሞቱ። በ2018 የሞተው ብስክሌተኛ ነበር። በደቡቡ ክፍል እየነዳ ሳለ የመንገዱ ጠርዝ ነካው፣ ሚዛኑን ሳተና በሚመጣ አውቶቡስ ፊት ወደቀ። በብስክሌቱ መንገድና በአውቶቡሱ መስመር መካከል አጥር አልነበረም። በ2021 ሦስተኛው ሰው ከሞተ በኋላ ነው የመንገዱ አንድ ክፍል ተዘግቶ አጥር የተተከለው። የካምብሪጅሽር አውራጃ ምክር ቤት የደህንነት ሕግ ጥሰሃል ተብሎ ተከሰሰ፣ ጥፋቱን አመነ፣ በሚያዝያ 2025 የ6 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት።

ያ ሰው የወደቀው ለብስክሌት ተብሎ በተሠራ መንገድ ላይ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይወድቃል። ድንጋይ ይመታዋል፣ ነፋስ ያዘነብለዋል፣ ቅጠል ያንሸራትተዋል። መንገድ ሲነደፍ «ሰው እዚህ ቢወድቅ ምን ላይ ያርፋል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ «አውቶቡስ ፊት» ከሆነ መንገዱ አላለቀም ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ አረንጓዴ መስመር ስለተሰመረ ብቻ አይከፈትም። ብስክሌተኛውን ያመጣውም ሰው የሞተበትም ያው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው አንዱን ነግሮ ሌላውን መተው የለበትም።

ሂልስ ሮድ ላይ በ2015 እና 2016 የተሠራው ሥራ በተወሰነ መልኩ ይህን ጥያቄ ያስባል። የብስክሌቱ መስመር ከመኪናው በጠርዝ ተለይቷል። የአውቶቡስ ፌርማታ ጋ ሲደርስ መስመሩ ከፌርማታው ጀርባ ይዞራል፤ ብስክሌተኛው ከአውቶቡሱ ጋር አይጋፋም። ለብስክሌተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ለተሳፋሪው ግን አዲስ ጣጣ አለው። ከአውቶቡስ ወርዶ የእግረኛውን መንገድ ለመያዝ የብስክሌቱን መስመር ማቋረጥ አለበት። የዓይነ ስውራን ማኅበራት እንዲህ ያሉ ፌርማታዎችን አጥብቀው የሚቃወሙት ለዚህ ነው። ብስክሌት ድምፅ የለውም፣ መምጣቱን መስማት ያስቸግራል። ወደ ሆስፒታል በሚወስድ መንገድ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ከዚያ አውቶቡስ ከሚወርዱት መካከል ዓይናቸውን ለመታከም የሚሄዱ አሉ። በግልጽ የተሰመረ ዜብራ፣ የብስክሌተኛውን ፍጥነት የሚቀንስ ከፍታ፣ ለተሳፋሪው ሰፋ ያለ መቆሚያ የግድ ናቸው። ብስክሌተኛው ከእግረኛ ቅድሚያ አይወስድም።

ከሆስፒታሉ ብዙ ሳይርቅ ፌንዶን ሮድ ላይ ያለው አደባባይ ደግሞ በሐምሌ 2020 ተከፈተ። በብሪታንያ እንደ ሆላንዶቹ የተሠራ የመጀመሪያው አደባባይ ነው። በመኪናው ቀለበት ዙሪያ ቀይ የብስክሌት ቀለበት አለ፣ ከእሱ ውጭ የእግረኛ። መኪና ሲገባም ሲወጣም ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። መታጠፊያው ጠበብ ተደርጎ ስለተሠራ ሹፌሩ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። መጀመሪያ 800 ሺህ ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ነበር። ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን ማዛወሩ አስቸገረ፣ ኮቪድም መጣ፣ ወጪው ወደ 2.3 ሚሊዮን ደረሰ። ብዙ ሰው ተናደደ።

ወጪው መጋነኑ እውነት ነው። ከመቆፈር በፊት ከሥር ምን እንዳለ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ መሆን ነበረበት። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው እላለሁ። አደንብሩክስ ከ2012 ጀምሮ ለምሥራቅ እንግሊዝ የከባድ አደጋ ጉዳተኞች ማዕከል ነው። በመንገድ አደጋ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ከየአቅጣጫው የሚመጣው ወደዚያ ነው። አደጋው ከመድረሱ በፊት እንዳይደርስ ማድረግን ከዚያ ሆስፒታል ሠራተኞች በላይ የሚረዳ የለም።

ከበሩ በኋላ

ብዙ ዕቅድ የሚያቆመው ግቢው በር ላይ ነው። የከተማው ምክር ቤት እስከ በሩ መንገድ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሆስፒታሉ መሬት ነው። ብስክሌተኛው ከተለየ መስመር ወጥቶ አምቡላንስ፣ ታክሲ፣ የኦክስጅን መኪናና ቦታ ፍለጋ የሚዞር ጠያቂ መሃል ይገባል። ጠያቂው አእምሮው በሽተኛው ጋ ነው፣ ዓይኑ ባዶ ቦታ ፍለጋ ላይ ነው። ብስክሌተኛ አያይም። ስለዚህ የሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ከዋናው ጎዳና ያልተናነሰ አደጋ አላቸው። የድንገተኛ ክፍሉ መግቢያና የብስክሌቱ መስመር ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። በትልቅ ግቢ ይሄ የሚቻለው አስቀድሞ ከታሰበበት ብቻ ነው። ሕንፃ በየዓመቱ በሚጨመርበት ግቢ ደግሞ ግንባታው ራሱ መንገድ ይዘጋል፤ አጥር ሲተከል ለመኪና ተለዋጭ መንገድ ይበጃል፣ ብስክሌተኛው ግን ወርደህ ግፋ ይባላል። ይህ መቅረት አለበት።

ማቆሚያው የት ይሁን? ሰው ብስክሌቱን የሚያቆመው የሚገባበት በር አጠገብ ነው። ማቆሚያ ከሌለ አጥር ላይ፣ መብራት ምሰሶ ላይ፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ሐዲድ ላይ ያስረዋል። ያን ጊዜ «ብስክሌት ማሰር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ያ ወረቀት የተለጠፈበት ቦታ ሁሉ ማቆሚያ የጎደለበት ቦታ ነው፤ ንድፍ አውጪ ወረቀቶቹን እየተከተለ ቢሄድ ካርታው ይሠራለታል። አንድ ትልቅ ማዕከላዊ ማቆሚያ ከመገንባት በየሕንፃው በር መበተን ይሻላል የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው። ማዕከላዊው ለጥበቃ ይመቻል፣ ለፎቶም ያምራል። ከሕንፃው አሥር ደቂቃ ከራቀ ግን ማንም አይጠቀምበትም።

ዓይነቱም ወሳኝ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሼፊልድ የሚባለው ነው። የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው፣ ሁለት እግሩ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። በሁለት ጎኑ ሁለት ብስክሌት ይይዛል፣ ፍሬሙንም ጎማውንም አብሮ ማሰር ይቻላል። በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ያስፈልጋል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ይጠጋጋሉ፤ ያኔ መሪና መሪ ይጠላለፋል፣ ግማሹ ባዶ ይቀራል። የፊት ጎማን ብቻ የሚይዘው ዝቅተኛ ብረት ግን ከነጭራሹ መቅረት አለበት። ጎማ ያጣምማል። ሌባም ጎማውን ፈትቶ ትቶለት ቀሪውን ይዞ ይሄዳል።

ባለ ሁለት ደርብ ማቆሚያ ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ላይኛው ደርብ ላይ ብስክሌት ለማውጣት ጉልበት ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ያደረች ነርስ ጠዋት ላይ ያን እንድታወርድ አይጠበቅባትም። ደርብ ያለው ከተተከለ፣ በቂ መሬት ላይ የሚቆም ማቆሚያ ከጎኑ ይኑር።

የእንግሊዝ መንግሥት በሐምሌ 2020 ያወጣው የብስክሌት መንገድ ንድፍ መመሪያ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ሁሉም ብስክሌት ባለ ሁለት ጎማ ነው ብሎ አይነሳም። መንገዱ 2.8 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ስፋት ያለውን ተሽከርካሪ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። ከማቆሚያው 5 በመቶው ለትልልቆቹ እንዲመደብም ይላል። ሦስት ጎማ ያለው፣ በእጅ የሚዘወር፣ ልጅ የሚጫንበት ብስክሌት እዚህ ውስጥ ይገባል። ለሆስፒታል ይህ ቅንጦት አይደለም። መራመድ ያቃተው፣ በእጅ የሚዘወር ብስክሌት ግን በሚገባ የሚነዳ ሰው አለ። ብስክሌቱ እግሩ ነው። ሞተር ሳይክል እንዳይገባ ተብሎ የተተከለ ጠባብ የብረት መግቢያ እሱን ይመልሰዋል። ታካሚን ከሕክምናው በር የሚመልስ ብረት መነቀል አለበት።

ፈረቃ፣ ጨለማ፣ ስርቆት

በሆስፒታል አንድ ፈረቃ 12 ሰዓት ገደማ ሊሆን ይችላል። በካምብሪጅ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት ሊሞላ ሲል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የገባ፣ ማታ 2 ሰዓት የወጣ ሠራተኛ ሲመጣም ሲሄድም ጨለማ ነው። እንግዲህ መብራት የሌለው የብስክሌት መንገድ ለዚህ ሰው ለወራት የለም ማለት ነው። በተለይ ለሴቶች። ከሐዲድ ጎን፣ በሜዳ መሃል የሚሄድ መንገድ በቀን ደስ ይላል፤ በሌሊት ግን ብቻዋን የምትነዳ ሴት ትልቁን ጎዳና ትመርጣለች። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል። ሜዳው አለልሽ ተብሎ ጎዳናው አይተውም።

ስርቆቱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ካምብሪጅ ባቡር ጣቢያ ጋ በ2016 ወደ 2,850 ብስክሌት የሚይዝ ባለ ሦስት ፎቅ ማቆሚያ ተከፈተ። ትልቅ፣ ጣሪያ ያለው፣ ካሜራ የተተከለለት። ሆኖም የብስክሌት ስርቆት በተደጋጋሚ ከሚነሳባቸው የአገሪቱ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ካሜራ ሌባ አያስቆምም፤ የሚያየው ሰው ካለ ነው የሚጠቅመው። በ2025 ደግሞ የባቡር ፖሊስ፣ ብስክሌቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ጣቢያ ደጅ ቆሞ ከተሰረቀ እንደማይመረምር አሳወቀ። ሰዓታት የሚፈጅ የካሜራ ምስል ለማየት ሰው የለንም ነው ምክንያቱ። ደንቡ የጣቢያ ነው፣ ሆስፒታልን አይመለከትም። ነገር ግን የ12 ሰዓት ፈረቃ ያለው ሰው ብስክሌት ምን ያህል ለሌባ እንደተጋለጠ ያሳያል። ሌባው ጊዜ አለው። በባትሪ የሚሠራ የብረት መቁረጫ ካለው ደግሞ ደቂቃዎች ይበቁታል።

ለዚህ መፍትሔው ሁለት ዓይነት ማቆሚያ መለየት ነው። ለጠያቂና ለታካሚ ክፍት፣ በር አጠገብ፣ ሰው የሚያልፍበት። ለሠራተኛ ደግሞ በመታወቂያ ካርድ የሚከፈት ዝግ ክፍል። ካርዱ ማን መቼ እንደገባ ስለሚመዘግብ ጥበቃው ሥራ ይቀለዋል። ክፍሉ መስኮት ወይም የሽቦ ግድግዳ ይኑረው፤ ከውጭ የማይታይ ክፍል ውስጥ ሌባም ተዝናንቶ ይሠራል፣ ሴት ሠራተኛም ሌሊት መግባት ትፈራለች። ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩ ብስክሌቶችም በየጊዜው ይነሱ። ምልክት ታስሮባቸው፣ ጥቂት ሳምንት ተጠብቆ፣ ከዚያ ይወገዱ። ጎማቸው የተነፈሰ ብስክሌቶች የሞሉት ማቆሚያ ለአዲስ መጪ ቦታ የለውም፤ ለሌባ ደግሞ «እዚህ የሚጠይቅ የለም» ይለዋል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሊቲየም ባትሪ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ባሉበት ሕንፃ፣ ኮሪደር ወይም ደረጃ ሥር ቻርጅ ማድረግ የለም። ከሕንፃው ተለይቶ ቦታ ይዘጋጅለት። ዝም ብሎ መከልከሉ አይሠራም፤ ሰው ደብቆ ያደርገዋል።

ልብስ መቀየሪያ ክፍሉን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም በሆስፒታል አዲስ ወጪ አይደለም። ነርስ የሥራ ልብሷን መንገድ ላይ ለብሳ እንዳትመጣ ለንጽሕና ሲባል ይመከራል፤ መቀየሪያ ክፍል ቀድሞም መኖር አለበት። የሚጎድለው እርጥብ ኮት የሚደርቅበት ቦታና ሎከር ነው።

ከዚህ ይልቅ ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብሪታንያ ከ1999 ጀምሮ ሠራተኛ ብስክሌት በአሠሪው በኩል ሲያገኝ ዋጋው ግብር ከመቆረጡ በፊት ከደመወዙ እየተቀነሰ ይከፈላል። በ2019 ደግሞ የ1,000 ፓውንድ ጣሪያው ተነሳና የኤሌክትሪክ ብስክሌትም ተመቸ። ጥሩ ነው። ግን ቅነሳው ደመወዝን ከሕጋዊው ዝቅተኛ ወለል በታች ማውረድ አይችልም። ስለዚህ ወለሉ ላይ ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ጽዳት ላይና ምግብ ቤት የሚሠሩት፣ ከዕድሉ ውጭ ናቸው። ግብራቸውም አነስተኛ ስለሆነ ቢገቡ እንኳ የሚያተርፉት ትንሽ ነው። መኪና የሌላቸው፣ አውቶቡስ ሳይጀምር የሚገቡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሆስፒታል በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ካለው መጀመሪያ ለእነሱ ያውለው፤ ያለ ወለድ ብድር፣ የታደሰ ብስክሌት፣ ነጻ ጥገና። ስፔሻሊስት ሐኪሙ የራሱን ይገዛል።

ከግቢው ጎን ያለው ጣቢያ

ከግቢው ጎን፣ ፍራንሲስ ክሪክ ጎዳና አጠገብ፣ ካምብሪጅ ሳውዝ የሚባል የባቡር ጣቢያ ግንባታ በ2023 ተጀመረ። ዕቅዱ አራት መድረክና ለ1,000 ብስክሌት ማቆሚያ ይዟል። ለአካል ጉዳተኞች ከተመደበው ጥቂት ቦታ በቀር የመኪና ማቆሚያ የለውም። ከ1993ቱ 74 በመቶ ተነስተን ስናየው ይህ ውሳኔ ራሱ ብዙ ርቀት ነው።

ነገር ግን የጣቢያው 1,000 ቦታ የሆስፒታሉ ተደርጎ እንዳይቆጠር እሰጋለሁ። ያ ማቆሚያ ከአካባቢው መጥቶ በባቡር ለሚሄደው ነው። ዎርድ ለሚገባው ሠራተኛ የዎርዱ በር አጠገብ ያለው ቦታ ነው የሚቆጠረው። ከባቡር የሚወርደው ሰው ደግሞ አውቶቡስና ብስክሌት የሚተላለፉበትን ጎዳና በእግሩ ይጋራል፤ የእግረኛው ቦታ ከአሁኑ ካልሰፋ ግጭቱ የማይቀር ነው። የብስክሌት ቆጠራውም ቢሆን ሰዓቱ መለወጥ አለበት። ረፋድ ላይ ብቻ የሚቆጥር ሰው የሌሊት ተረኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ላይ ግቢ ውስጥ ባሉበት ሌላ አንዴ፣ በዝናብ ቀን ደግሞ አንዴ ይቆጠር። የሚያስፈልገው የማቆሚያ ብዛት የሚታወቀው ከእነዚህ ከፍተኛው ሲወሰድ ነው።